የበረሃ እንግዳ ቤቶች፤ የይሁዳ አባቶች ልዩ ልዩ እንግዶችን እንዴት ይቀበሉ እንደ ነበር

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድ በወንጌል የታወቀ መንገድ ነው። በወንበዴዎች እጅ የወደቀው መንገደኛ የቆሰለው በዚህ ቍልቍለት ነው፤ ደጉ ሳምራዊም ቍስሉን አስሮ ወደ እንግዶች ማደሪያ የወሰደው፣ ለማደሪያው ጠባቂም ሁለት ዲናር የሰጠው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ስለ ሳምራዊው በየዓውደ ምሕረቱ ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ ማደሪያው ጠባቂ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሳምራዊው በማግሥቱ መንገዱን ሲቀጥል ከቍስለኛው ጋር የቀረው፣ ሌሎቹንም መንገደኞች እያስተናገደ እርሱን ለማስታመም አደራ የተቀበለው ያ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ነው። ሁለቱ ዲናር ባይበቃ ቀሪውን ከራሱ አውጥቶ የሳምራዊውን መመለስ በእምነት መጠበቅ የነበረበትም እርሱ ነው።

ይህ ጽሑፍ በዚሁ በረሃ የዚያን ጠባቂ ሥራ ስለ ወረሱ አባቶች ነው። በእኛም ቤት በየዓመቱ ለትንሣኤ በዓል ተሳላሚዎች ይሰበሰባሉ። አንዷ እናት የዕድሜ ልክ ስእለቷን ይዛ ከአገር ቤት ትመጣለች፤ ሌላው በአሜሪካ ወይም በኤውሮጳ ያሳደጋቸውን፣ አማርኛ አጥርተው የማይሰሙትን ልጆቹን አስከትሎ ይደርሳል። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ መዘመር ይወዳል፤ ሁለተኛው በመንገድ ደክሞ መተኛት ይሻል፤ ሦስተኛው ታሟል። መነኮሳቱ ደግሞ የሰዓታቸውን ጸሎትና የበኣታቸውን ጸጥታ ይጠብቃሉ። ከዚህ የተነሣ ተሳላሚው «አባቶች ፊት ነሡን» ብሎ የሚያዝንበት፣ መነኮሱም «ጸሎታችንን አወኩብን» ብሎ የሚያጕረመርምበት ጊዜ አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። አንድ ቤት የማይመሳሰሉትን ሁሉ እንግዳውን ሳያሳዝን፣ የመነኮሱንም ሥርዓት ሳያፈርስ እንዴት ይቀበላል? ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም፤ ከ1,600 ዓመት በፊት በእነዚሁ ኰረብቶች የነበሩ አባቶች ተጨንቀውበታል፤ መልስም ሰጥተውበታል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።

በቤተ ልሔም ጐዳና ዳር

በ386 ዓ. ም. ጳውላ የምትባል ከሮም ታላላቅ ቤተሰቦች ወገን የሆነች መበለት ከልጇ ከኤውስጦኪዩምና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሮማይስጥ ከመለሰው ከሊቁ ከሄሮኒሞስ ጋር በቤተ ልሔም ተቀመጠች። በሀብቷም የወንዶችና የሴቶች ገዳማት፣ በጐዳናውም ዳር የተሳላሚዎች ማደሪያ አሠራች። ማደሪያውን በዚያ ቦታ ለማሠራት ያነሣሣት አሳብ ግልጽ ነበረ፤ ቤተ ልሔም ለእመቤታችንና ለዮሴፍ ማደሪያ የታጣባት ከተማ ናትና፣ በዚያች ከተማ ከእንግዲህ ወዲህ በር የሚዘጋበት እንግዳ እንዳይኖር ነው።

የአሳቡ ቅድስና ግን ከመከራው አላዳናቸውም። ማደሪያው እንደ ተከፈተ ከዓለም ዳርቻ ሁሉ ሰው ይጐርፍበት ጀመር። በ398 ዓ. ም. ገደማ ሄሮኒሞስ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሚመጡት መነኮሳት ከመብዛታቸው የተነሣ ሥራውን ለመተው እንደማይችል፣ ለመሸከምም አቅም እንዳነሰው ገልጿል። የሕንፃውን ፍጻሜ ለማየትም ወንድሙን ወደ ትውልድ አገራቸው ልኮ ከአረመኔዎች ወረራ የተረፈውን የወላጆቻቸውን ርስት እንዲሸጥ አደረገ። ግንብ ጀምሮ መፈጸም እንዳቃተው እንደዚያ የወንጌል ሰው መዘበቻ እንዳይሆኑ ፈርቶ ነበርና። በ410 ዓ. ም. ሮም በጎጦች እጅ በወደቀች ጊዜ ደግሞ ትናንት ባለጸጎች የነበሩ ስደተኞች ራቍታቸውን ወደ ቤተ ልሔም መጡ። ሄሮኒሞስም የነቢዩን የሕዝቅኤልን ትርጓሜ መጻፉን አቋርጦ እነርሱን ለመቀበል ተገደደ። በመጽሐፉ መቅድም ላይም ይህን ሳይሸሽግ ጽፎታል። የመጻሕፍትን ቃል በሥራ ለመፈጸም ሲል የመጻሕፍትን ትርጓሜ ለጊዜው አቆየ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህ ሊቅ ደብዳቤዎች ውስጥ የማይረሳ ምስክርነት አለ። ወደ ቅድስት አገር በየቀኑ ከሚደርሱት የመነኮሳት ማኅበሮች መካከል ከሕንድና ከፋርስ ጋር ኢትዮጵያን ጠርቷል። በዚያን ዘመን ጸሐፊዎች ዘንድ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ያጠቃልል ስለ ነበረ፣ እነዚያ መነኮሳት ሁሉ ከአክሱም መንግሥት መጡ ብሎ መወሰን አይገባም። ነገር ግን ጥቍር መነኮሳት በ4ኛው ምእት ዓመት ፍጻሜና በ5ኛው መጀመሪያ በዚህ ጐዳና መሄዳቸው፣ በዚህም ማደሪያ ደጃፍ ጫማቸውን ማራገፋቸው የተመሰከረ ነገር ነው።

አራት መቶ እንግዶችና የመጋቢው ሒሳብ

ከቤተ ልሔም ወደ ምሥራቅ በረሃው ይጀምራል። ዝናሙ በክረምት ጥቂት ቀን ብቻ ይጥላል፤ የቀረውን ወራት ሰውም ከብትም የሚጠጣው በዐለት በተፈለፈለ የውሃ ጕድጓድ የተጠራቀመውን ነው። በዚህ ስፍራ እንግዳ መቀበል ማለት አስቀድሞ ውሃ መስጠት፣ ከዚያም ከሩቅ የመጣ እንጀራ መቍረስ ማለት ነው። ለአባ ሳባ ገዳም ስንዴ ከጨው ባሕር ማዶ ከማካይሮስ እየተገዛ በዐረቦች ግመል ይጫን እንደ ነበረ ተጽፏል። እንግዲህ ለእንግዳው የሚቀርበው ቍራሽ በስንት ድካምና በስንት ገደል አልፎ እንደ መጣ መገመት ነው።

ስለ እነዚህ አባቶች አብዛኛውን የምናውቀው በ6ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ከጻፈው ከመነኵሴው ከቄርሎስ ዘቤትሳን ነው። እርሱ ራሱ በኤፍቲምዮስ ገዳም፣ ኋላም በአባ ሳባ ገዳም የኖረ፣ ከሽማግሌዎች የሰማውን በጥንቃቄ የጻፈ ሰው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። ቄርሎስም፣ ገድላቸውን የጻፈላቸው አባቶችም በ451 ዓ. ም. የተደረገውን የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉ ናቸውና በዚህ ነገር ከእኛ አባቶች ጋር ይለያያሉ። እንግዳ በመቀበል ያሳዩት ትጋት ግን ለማንኛውም ገዳም ትምህርት ይሆናል።

ኤፍቲምዮስ በ377 ዓ. ም. በአርመን አገር በመለጥያ ተወለደ፤ በ29 ዓመቱ ወደ ኢየሩሳሌም መጣ። ብዙ ዓመት በዋሻ ከኖረ በኋላ በ428 ዓ. ም. ገደማ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ከሚወርደው መንገድ ብዙ ሳይርቅ ላውራ የሚባለው ዓይነት ገዳም ተመሠረተ። ላውራ ማለት መነኮሳቱ አምስቱን ቀን በየበኣታቸው ለብቻቸው ኖረው ቅዳሜና እሑድ ለቅዳሴና ለማዕድ የሚሰበሰቡበት ገዳም ነው። ላውራው ገና ድሃ በነበረበት ጊዜ፣ ቍጥራቸው 400 የሚሆን አርመናውያን ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ ዮርዳኖስ ሲወርዱ ከመንገዱ ወጥተው ወደ ገዳሙ መጡ። ኤፍቲምዮስ መጋቢውን ዶሜጥያኖስን ጠርቶ እንግዶቹን እንዲመግብ አዘዘው። ዶሜጥያኖስም በዕቃ ቤት ያለው እንጀራ ለ10 ሰው እንኳ እንደማይበቃ ነገረው።

መጋቢውን አንፍረድበት። በየገዳሙ የዕቃ ቤት መክፈቻ የያዘ ሰው ሁሉ የዶሜጥያኖስን ቃል ያውቀዋል። ሒሳቡ ትክክል ነበረ፤ የነገውም የመነኮሳት ድርጎ የእርሱ አደራ ነበረ። ሽማግሌው ግን እንዲሄድ ደግሞ አዘዘው። ዶሜጥያኖስ ወደ ዕቃ ቤቱ ሲደርስ በሩ አልከፈት አለው፤ ቤቱ እስከ ጣራው በእንጀራ ተሞልቶ ነበርና። ወንድሞችን ጠርቶ በሩን ከማጠፊያው ባወጡት ጊዜ እንጀራው ወደ ውጭ ፈሰሰ። ወይኑና ዘይቱም እንዲሁ ሆነ። እንግዶቹ ሁሉ በልተው ጠገቡ፤ በሩንም እስከ 3 ወር ድረስ ወደ ቦታው መመለስ አልተቻለም። መጋቢውም በሽማግሌው እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነ፤ ሽማግሌውም በበረከት የሚዘራ በበረከት እንደሚያጭድ አስተማረው።

ቄርሎስ ይህን እንደ ተአምር ይተርካል፤ እኛም እንደ ተአምር እንቀበለዋለን። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ተአምር ያልሆነ አንድ ነገር አለ፤ ትእዛዙ የተሰጠው ዕቃ ቤቱ ከመሙላቱ በፊት ነው። ኤፍቲምዮስ እንግዶቹን «ግቡ» ያለው ያለውን ቈጥሮ ከጨረሰ በኋላ አይደለም። ደግሞም እነዚያ 400 ሰዎች ይናገሩት የነበረው ሽማግሌው በልጅነቱ በአገሩ ሲሰማው ያደገውን ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም። ከትውልድ አገሩ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በበረሃ የተቀመጠ ሰው ድንገት የአገሩን ድምፅ በደጁ ሲሰማ ልቡ እንዴት እንደሚሆን በዚህ ቤት የሚኖሩ አባቶች ሁሉ ያውቁታል።

የግማሽ ወርቅ መያዣና የተጣለው ባቄላ

ሳባ በ439 ዓ. ም. በቀጰዶቅያ ተወለደ፤ በወጣትነቱም ወደዚህ በረሃ መጣ። ዛሬም መነኮሳት የሚኖሩበትን በቄድሮን ሸለቆ ገደል ላይ የሚታየውን ታላቁን ላውራ በ483 ዓ. ም. መሠረተ። እናቱ ሶፍያ አባቱ ከሞተ በኋላ ንብረቷን ሸጣ ወደ እርሱ መጣች፤ በእርሱም ምክር መንኵሳ ጥቂት ቈይታ ዐረፈች። ይዛው በመጣችው ገንዘብ ሳባ በኢያሪኮ የእንግዳ ማደሪያ ከአትክልት ቦታው ጋር ገዛ፤ በላውራውም ውስጥ ሌላ የእንግዳ ቤት ሠራ። የእናቱን ውርስ ከዚህ በተሻለ መንገድ ማዋል እንዴት ይቻል ነበር? ልጇን አንድ ቀን እንኳ አስተናግዳ ያልጠገበች እናት፣ ከሞተች በኋላ የማታውቃቸውን የሰው ልጆች ስታስተናግድ ኖረች።

በኢየሩሳሌምም በዳዊት ግንብ አጠገብ ለላውራው መነኮሳት ማደሪያ ገዛ። ከዚያ ጎን ሌሎች ክፍሎች ይሸጡ ነበርና፣ ከባዕድ አገር ለሚመጡ መነኮሳት እንዲሆኑ ሊገዛቸው ወደደ። ዋጋቸው 170 የወርቅ ገንዘብ ነበረ፤ በእጁ የነበረው ግን ግማሽ ወርቅ ብቻ ነው። ያችኑ መያዣ አድርጎ ሰጠ፤ በማግሥቱ ሙሉውን ባይከፍል መያዣው እንዲቀርበት ተስማማ። በማግሥቱ ፀሐይ ሳይወጣ፣ እርሱ በልቡ ሲጸልይ፣ የማያውቀው መንገደኛ ወደ እርሱ ቀርቦ 170 ወርቅ ሰጠው፤ ስሙን ሳይናገርም ሄደ። የባዕዳን መነኮሳት ማደሪያ ስሙ ባልታወቀ ባዕድ ገንዘብ ተገዛ። በበሩ ላይ ስማቸው ካልተጻፈ ምጽዋት መስጠት የማይቻላቸው ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያስቡት ይጠቀሙ ነበር።

ሳባ ግን ለጋስ ብቻ አልነበረም፤ ጠንቃቃም ነበረ። በላውራው የእንግዳ ቤት ያዕቆብ የሚባል መነኵሴ ተራው ደርሶ ያገለግል ነበር። አንድ ጊዜ ከሚበቃው በላይ ባቄላ ቀቅሎ የተረፈውን በመስኮት ወደ ገደሉ ጣለው። ሳባ ይህን አይቶ ዝም አለ፤ በስውር ወርዶም የተጣለውን ለቀመ፤ አጥቦ በፀሐይ አደረቀው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያዕቆብን ለብቻው ጋብዞ ያንኑ ባቄላ አሳምሮ ሠርቶ አቀረበለት። ምግቡ እንዳይጣፍጠው ፈርቶ ይቅርታ ቢጠይቀው፣ ያዕቆብ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ምግብ ከበላ ብዙ ጊዜው መሆኑን መለሰለት። ያን ጊዜ ሳባ የበላው ራሱ ወደ ገደል የጣለውን መሆኑን ነገረው፤ አንዲት የባቄላ ድስት ሳያባክን ማስተዳደር ያልቻለ ሰው ማኅበርን ማስተዳደር እንደማይችልም ገሠጸው።

የኤፍቲምዮስ ታሪክና የሳባ ታሪክ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ በአንዱ ገዳም እንጀራ ይፈስሳል፣ በሌላው ፍሬ ባቄላ ይለቀማል። ግን አንድ ትምህርት ናቸው። ለእንግዳ የሚሰጠው የእግዚአብሔር ነውና አይነፈግም፤ የእግዚአብሔር ነውና አይጣልም።

በአንድ ቅጥር ውስጥ አራት አብያተ ክርስቲያናት

ከሁሉ ይልቅ ልዩ ልዩ ወገኖችን በአንድ ቤት በማኖር የታወቀው የሳባ ባልንጀራ አባ ቴዎዶስዮስ ነው። እርሱም የቀጰዶቅያ ሰው ነው። በ479 ዓ. ም. ገደማ ከቤተ ልሔም በስተ ምሥራቅ ገዳሙን የተከለበት ዋሻ፣ ሰብአ ሰገል ወደ ሄሮድስ ሳይመለሱ በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ሲሄዱ ያደሩበት ነው ተብሎ በትውፊት ይነገራል። ስለዚህ ቦታው ገዳም ሳይሆን አስቀድሞ የእንግዶች ማደሪያ ነበረ ማለት ነው። ፓትርያርኩ ሳባን በየበኣታቸው ለሚኖሩት፣ ቴዎዶስዮስን ደግሞ በአንድነት ለሚኖሩት መነኮሳት አለቃ አድርጎ ሾማቸው።

ቴዎዶስዮስ በገዳሙ ውስጥ ለመነኮሳት፣ ለሕዝባውያንና ለድሆች ለየብቻው ማረፊያ አዘጋጀ፤ ለድውያንና ለሽማግሌዎችም ቤት ሠራ። በአንድ ቀን እስከ 100 ማዕድ የተዘረጋበት ጊዜ እንደ ነበረ ደቀ መዝሙሩ የጻፈው ገድሉ ይናገራል። በረኃብ ዘመን ድሆች በደጁ በተጨናነቁ ጊዜ አገልጋዮቹ እህሉ እንዳያልቅ ብለው ለእያንዳንዱ በመጠን ከበር ላይ ሊሰጡ ቢያስቡ፣ ሽማግሌው በሮቹ ሁሉ እንዲከፈቱና ሁሉም እንዲገቡ አዘዘ።

በገዳሙ ውስጥ ደግሞ አራት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። በአንደኛዋ ጽርአውያን በቋንቋቸው ይጸልዩ ነበር፤ በሁለተኛዋ ቤሳውያን የሚባሉት የጥራቅያ ሰዎች፣ በሦስተኛዋ አርመናውያን፣ እያንዳንዳቸው መዝሙሩንና ምንባቡን በየአፋቸው ያደርሱ ነበር። የምንባቡ ክፍል ካለቀ በኋላ ሁሉም ወደ ታላቂቱ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ቅዱስ ቍርባንን በአንድነት ይቀበሉ ነበር። አራተኛዋ ቤተ ክርስቲያን አእምሯቸው ለታወከ ወንድሞች የተለየች ነበረች። ከእነዚህም መካከል ያለ መምህርና ያለ መጠን በበረሃ ተጋድለው የታመሙ ነበሩ። ቴዎዶስዮስ እነርሱን ከበር አላስወጣቸውም፤ በጤነኞቹም መካከል ጥሎ መዘበቻ አላደረጋቸውም፤ የሚጸልዩበት ቦታ፣ የሚጠብቃቸው ሰውም ሰጣቸው።

የዚህ ሥርዓት ጥበብ እንግዳውን ቋንቋውን እንዲተው አለማስገደዱ፣ ደግሞም በቋንቋው ታጥሮ ለዘለዓለም ባዕድ ሆኖ እንዲቀር አለመተዉ ነው። መለየትና መገናኘት እያንዳንዳቸው ጊዜ ነበራቸው። በአባ ሳባ ላውራም እንዲሁ ነበረ፤ አርመናውያን አስቀድሞ ትንሽ የጸሎት ቤት ተሰጣቸው፤ በ501 ዓ. ም. ቍጥራቸው ሲበዛ ሰፊ ወደ ሆነችው ቤተ ክርስቲያን ተዛወሩ። ሆኖም እዚያ ላይ የእንግዳ ተቀባይነት ዳርቻም ታይቷል። አንዳንድ አርመናውያን በቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ ጸሎት ላይ የጌታን ስቅለት የሚያስበውን ቃል ሲጨምሩ፣ ሳባ ያን ጸሎት በጽርእ ብቻ እንዲያደርሱት አዘዘ። ቤተ ክርስቲያናችን ያንን ጸሎት ስቅለቱን እያሰበች እስከ ዛሬ ታደርሰዋለችና፣ ይህን ስናነብ ልባችን ከአርመናውያኑ ጋር ይሆናል። ታሪክን የምናነበው ግን የሚያስደስተንን ብቻ ለማግኘት አይደለም። ሰውን በቤት ማሳደር በሃይማኖት ሁሉ መስማማት እንዳልሆነ፣ አለመስማማትም እንጀራ ለመከልከል ምክንያት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን፤ አርመናውያኑ ከማዕድ አልተባረሩምና።

ድንጋዮች የሚመሰክሩት

በጽሑፍ ያነበብነውን ድንጋዮችም ያጸኑታል። ከኤፍቲምዮስ ደቀ መዛሙርት አንዱ፣ በ478 ዓ. ም. የኢየሩሳሌም ፓትርያርክ የሆነው ማርጥርዮስ፣ በዚሁ መንገድ አቅራቢያ ገዳም መሥርቶ ነበር። ፍርስራሹ ዛሬ በማዓሌ አዱሚም ከተማ መካከል ይገኛል፤ በ1980ዎቹ ዓመታትም በቍፋሮ ተገልጧል። በቅጥሩ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወለሉ በኅብር ድንጋይ የተጌጠው ሰፊ የማዕድ ቤት፣ የውሃ ጕድጓዶቹም ታይተዋል። በሩ እየተንከባለለ በሚገጥም ክብ ድንጋይ ይዘጋ ነበር። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ከግንቡ ጋር ተጠግቶ የተሳላሚዎች ማደሪያ ተገኝቷል፤ የራሱ ትንሽ የጸሎት ቤትና የከብት ማቆሚያ ነበረው።

ይህን አሠራር ያቀደው ሰው ሁለቱንም ወገን ያውቅ ነበር። እንግዳው በሌሊት ቢደርስ የተዘጋውን ክብ ድንጋይ ማስከፈት አያሻውም፤ አህያውን አሥሮ፣ ጸሎቱን አድርሶ ያድራል። መነኮሱም በሌሊት ጸሎቱ የከብት ድምፅና የመንገደኛ ጨዋታ አይረብሸውም። የእንግዳው ቤት ውጭ መሆኑ ንቀት አይደለም፤ ንቀት ቢሆን ኖሮ የጸሎት ቤት ባልተሠራለት ነበር።

እንግዳም የራሱ ሥርዓት ነበረው። በግብፅ በረሃ በኒጥርያ በ4ኛው ምእት ዓመት ፍጻሜ የነበረውን የእንግዳ ቤት ያየው ጰላድዮስ እንደ ጻፈው፣ የመጣው ሰው ሁለትና ሦስት ዓመት እንኳ መቀመጥ ቢፈልግ አይከለከልም ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ሥራ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን በአትክልት ቦታ ወይም በዳቦ መጋገሪያ ወይም በወጥ ቤት እንዲሠራ ይደረጋል። የተማረና የተከበረ ሰው ቢሆን መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ እስከ ቀትር ድረስም ከማንም ጋር እንዲነጋገር አይፈቀድለትም። አንድ ሳምንት የዕረፍት፣ ከዚያ ወዲያ የወንድምነት ነው። እንግዳ ሆኖ የገባው ሰው ሥራ በተሰጠው ቀን ከቤተሰቡ ይቈጠራል።

ከሁለቱ ትእዛዛት የትኛው?

የመነኮሱ ጾምና የእንግዳው ማዕድ በአንድ ሰዓት ሲጋጩስ? ለዚህ መልስ የሚሰጠን ቤተ ክርስቲያናችን ሙሴ ጸሊም እያለች የምታከብረው፣ ከወንበዴነት ወደ ቅድስና የተመለሰው ጥቍሩ አባ ሙሴ ነው። በአስቄጥስ በረሃ አባቶች አንድ ሳምንት እንዲጾም አወጁ። በዚያው ሳምንት ከግብፅ ወንድሞች ወደ አባ ሙሴ መጡ፤ እርሱም ጥቂት ወጥ ሠራላቸው። ጎረቤቶቹ ከበኣቱ ጢስ ሲወጣ አይተው፣ ሙሴ የአባቶችን ትእዛዝ አፈረሰ ብለው ለካህናቱ ነገሩ። ካህናቱ የአባ ሙሴን ተጋድሎ ያውቁ ነበርና ዝም ብለው ቅዳሜን ጠበቁ። ማኅበሩ በተሰበሰበ ጊዜም የሰውን ትእዛዝ አፍርሶ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንደ ጠበቀ በሁሉ ፊት መሰከሩለት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር እናስተውል። አባ ሙሴ የሠራው ግብዣ አልነበረም፤ ጥቂት ወጥ ነበረ። ካህናቱም ጾሙ ከንቱ ነው አላሉም። ትእዛዙ ለሌሎቹ ጸና፤ በእንግዳ ምክንያት የተላለፈው ግን ተመሰገነ። ጢሱን አይተው የከሰሱት ጎረቤቶች ደግሞ በዚያ ሳምንት በጾም ከእርሱ አልበለጡም፤ ሲጾሙ የወንድማቸውን ጢስ ይቈጥሩ ነበርና።

የተዘጉ በሮችና የተከፈቱ በሮች

የእንግዳ ቤት ለዘለዓለም ይኖራል ብሎ የሚተማመን ሰው ወደ ፍርስራሾቹ ይሂድ። በ614 ዓ. ም. ፋርሶች ኢየሩሳሌምን በያዙ ጊዜ በአባ ሳባ ገዳም 44 መነኮሳት ተገደሉ። የማርጥርዮስ ማደሪያ ጠፋ። ኤፍቲምዮስ 400 እንግዶችን የመገበበት ቦታ ዛሬ በፋብሪካዎች መካከል የሚታይ ፍርስራሽ ነው። የቴዎዶስዮስና የሳባ ገዳማት ግን ከብዙ መከራ በኋላ ዛሬም መነኮሳት አሉባቸው።

በእኛም ዘመን ይህ ደርሷል። በዮርዳኖስ ዳር ጌታ በተጠመቀበት ስፍራ አጠገብ ያለው የኢትዮጵያ ገዳም ከ1967 ዓ. ም. ጦርነት በኋላ እንደ ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በፈንጂ ታጥሮ ቀረ። ከ2018 ዓ. ም. ጀምሮ ፈንጂው እስኪጠረግ ድረስ 50 ዓመት ያህል ተሳላሚ ሊያድርበት ቀርቶ ደጁን ሊረግጠው አልቻለም። በኢየሩሳሌም ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩት የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በ1893 ዓ. ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጽሞ እስከ ዛሬ ቆሟል። ይህን ቦታ ላቆሙልን ነገሥታት፣ መኳንንትና ወይዛዝርት፣ ከነዚያም ይልቅ ስማቸው ላልተጻፈ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ለሰጡ ድሆች የምንከፍለው ብድር አንድ ብቻ ነው፤ እኛ ተቀብለን እንደ ገባን ሌላውንም ተቀብሎ ማስገባት።

በአገራችን የመሸበት መንገደኛ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኑን ይናገራል፤ ባለቤቱም ቤት ለእንግዳ መሆኑን ይመልሳል። ከዚያም እግሩ ይታጠባል፤ ስለ ስሙና ስለ አገሩ የሚጠየቀው ኋላ ነው። ይህ ሥርዓት ከአብርሃም ድንኳን የተማርነው ነው። አብርሃም በቀትር ሦስቱን እንግዶች ባየ ጊዜ ሮጦ የተቀበላቸው ማን እንደ ሆኑ ሳያውቅ ነው። አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ ሰው ሳይሆን ጥያቄው ይቀበላቸው ነበር።

እንግዲህ አባቶቼ መነኮሳት ሆይ፣ በበዓል ሌሊት ደጃችን ሲንኳኳ ዶሜጥያኖስን እናስብ፤ ሒሳባችን ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ትእዛዙ ግን አስቀድሞ ተሰጥቷል። እናንተም ተሳላሚዎች ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ የማርጥርዮስን የውጭ በር አስቡ፤ ከቅጥሩ ውስጥ ያለው ጸጥታ ለእናንተም የሚጸለይበት ነውና ጠብቁት። አንድ ሳምንት ዕረፉ፤ ከዚያ ከቈያችሁ መጥረጊያውን ወይም መጽሐፉን አንሡ። በማዕዳችን የሚተርፈው ባቄላ ወደ ገደል አይጣል። ቋንቋችሁን ያልለመዱትን ልጆቻችሁን በአጠገባችሁ አቁሟቸው፤ ለጊዜው በሚሰሙት ቋንቋ ይጸልዩ፤ በቍርባኑ ሰዓት ግን ሁላችንም በአንድነት እንገኝ።

በኢያሪኮ መንገድ የነበረው የማደሪያ ጠባቂ ሁለት ዲናር ተቀብሎ የቀረውን በአደራ ጠበቀ። እኛም እንዲሁ ነን፤ የተሰጠን ጥቂት ነው፣ የሚመጡት ብዙ ናቸው። ነገር ግን አደራውን የሰጠን ጌታ በተመለሰ ጊዜ ከኪሳችን ያወጣነውን ሁሉ እንደሚከፍል ነግሮናልና፣ በሩን ከማጠፊያው አውጥተን እንጠብቀው። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።